የድሬዳዋ ልጅ ታሪክን ከየት ይጀምር?

በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሠራተኞች፣ ለወላጆችና ለመምህራን የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ትንንሽ ልጆች ነው፤ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ስላሉት። የሚኖሩበትን ከተማ ታሪክና ቅርስ እንዴት እናስተምራቸው? ይህ የትምህርት ቤት ጉዳይ ሆኖ ሳለ እዚህ መልካ ጀብዱ በኩል፣ በሸድና በማሽን መሃል ምን አመጣው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ቦታውን የመረጥኩት አውቄ ነው። ድሬዳዋን የቆረቆራት ሥራ ነው፤ ያሳደጋትም ሥራ ነው። የከተማዋን ታሪክ ለልጆች የሚነግር ሰው ከፈለግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ሠራተኛውን ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

ድሬዳዋን ንጉሥ መናገሻዬ ትሁን ብሎ አልመሠረታትም። በገዳም ደጅ ወይም በጦር ሰፈር ዙሪያም አላደገችም። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሃዲድ እዚህ ሜዳ ደረሰ፤ ጣቢያ ተሠራ፤ ወርክሾፕ ተተከለ፤ ከተማ ሆነ። ከዚያ በፊት አገሩ ሰው አልባ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ኦሮሞውና ሶማሌው ከብቱንና ግመሉን እየነዳ ይኖርበት ነበር። ከእነሱም በፊት ስለነበሩት፣ በዋሻ ውስጥ ስለኖሩት ሰዎች ቆየት ብዬ አነሳለሁ። ከባቡሩ በኋላ፣ በጣሊያን ወረራ ዓመታት፣ የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተተከሉ። በእኛ ዘመን ደግሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ይህ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠራ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና እዚሁ ተጀመረ። እዚህ የተቀመጣችሁ ሠራተኞች የዚህ ታሪክ የቅርብ ጊዜ ምዕራፍ ናችሁ። ልጆቻችሁ ግን ይህንን ከማን ይሰማሉ?

የሦስተኛ ክፍል ተማሪን "ቅርስ ምንድን ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁት ላሊበላን፣ አክሱምን፣ ፋሲል ግንብን ይቆጥርላችኋል። ትንሽ ሰፋ ያለ ዕውቀት ያለው ጀጎልን ይጨምራል። ደስ ይላል፤ ሊያውቃቸው ይገባል። ነገር ግን እነዚህ ለእሱ ስዕሎች ናቸው። በእጁ አልነካቸውም፤ አያቱም አልነገሩትም። ዘወትር በባጃጅ አጠገቡ የሚያልፈው የባቡር ጣቢያ ቅርስ መሆኑን ግን የሚነግረው ሰው የለም። ቅርስ ማለት ሩቅ ያለ፣ ትልቅ፣ ከድንጋይ የተሠራና የሌላ ሰው የሆነ ነገር ይመስለዋል። ይህ አስተሳሰብ አንዴ በሰባት ዓመቱ ከተተከለበት በሃያ ዓመቱ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ቆሞ የሚያይ ሰው ይሆናል።

በአንደኛ ደረጃ ትምህርታችን "አካባቢ ሳይንስ" የሚባል ትምህርት አለ። በሃሳቡ ከዚህ የተሻለ በር አይገኝም፤ ከአካባቢ ይጀምር ይላልና። ጭንቁ በአተገባበሩ ነው። መምህሩ ስልሳ ሰባ ልጆች በአንድ ክፍል ይዞ፣ መጽሐፉን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ገልብጦ፣ "የአካባቢያችን ቅርሶች የሚከተሉት ናቸው" ብሎ ካስጻፈ አካባቢው ተመልሶ ወረቀት ሆነ ማለት ነው። መምህሩን ለመውቀስ አይደለም። የሚያግዘው የለም። ዛሬ እናንተን የጠራሁት ለዚህ ነው።

ትንሽ ልጅ ዘመንን እንዴት እንደሚረዳ ማወቅ ያስፈልጋል። የሰባት ዓመት ልጅን "1895 ዓ.ም." ብትሉት ቁጥሩ ለእሱ ምንም አይደለም። ኪት ባርተንና ሊንዳ ሌቭስቲክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከአፀደ ሕፃናት እስከ ስድስተኛ ክፍል ላሉ ልጆች የተለያየ ዘመን ፎቶግራፎችንና ስዕሎችን አሳይተው በጊዜ ቅደም ተከተል እንዲደረድሩ ጠየቋቸው። ትንንሾቹ ዓመተ ምሕረቱን ባያውቁትም ልብሱን፣ መኪናውን፣ ቤቱን እያዩ የቱ እንደሚቀድም ለመለየት ችለዋል። ልጅ ዘመንን የሚያየው በዕቃና በአኗኗር ነው። ዓመተ ምሕረቱ ቆይቶ ይመጣል።

ስለዚህ ለአንደኛ ክፍል ልጅ የድሬዳዋን ታሪክ በአራት ስዕል መጀመር ይቻላል፦ የግመል ቅፍለት፣ በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር፣ ሊቶሪና የሚባለው የናፍጣ ባቡር፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር። የቱ ቀደመ? ለምን ይመስልሃል? ያንተ አባት የቱን አየ? አያትህስ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ያነሳ መምህር ታሪክ አስተምሯል። ልጁ "በፊት"፣ "ከዚያ በኋላ"፣ "ድሮ ግን አያቴ ሳይወለድ" ማለት ከጀመረ ለሁለተኛው ሴሚስተር የሚበቃ ስንቅ ይዟል።

ስለ ባቡሩ ትንሽ ልቆይ። ለልጅ የሚሆን ነገር በውስጡ ሞልቷል።

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኔም አብሮት ነበር። የመጀመሪያው ሐሳብ ባቡሩ ሐረር እንዲገባ ነበር። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ትጠጋለች። ይህ ሜዳ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ያንን አቀበት ባቡር ለማውጣት የሚያስፈልገው ወጪ ከባድ ሆነ። ስለዚህ ሃዲዱ ከተራራው ሥር ቀረ፤ እዚህም አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብሎም ነበር።

ይህንን ለሁለተኛ ክፍል ልጆች በንግግር ማስረዳት አያስፈልግም። ግቢ ውስጥ አሸዋ ይከመር፤ የካርቶን ሳጥን ድንጋይ ተሞልቶ በገመድ ይታሰር። አንዱ ቡድን በሜዳው ይጎትት፤ ሌላው በክምሩ ላይ ያውጣ። ያላባቸው ልጆች "ባቡሩ ለምን ሐረር አልገባም?" ሲባሉ መልሱን ይሰጡታል፤ ደግሞም አይረሱትም። በአንድ ክፍለ ጊዜ ጂኦግራፊም፣ ሳይንስም፣ ታሪክም ተማሩ ማለት ነው።

የሃዲዱን ስፋትም እንዲሁ። አሮጌው ሃዲድ ስፋቱ በሁለቱ ብረቶች መካከል ልክ 1 ሜትር ነው። አዲሱ 1 ሜትር ከ43 ተኩል ሳንቲ ሜትር ነው። ልጆቹ በኖራ መሬት ላይ ሁለቱንም ይስሉ፤ መሃሉ ላይ ይቁሙ፤ ስንት ልጅ ጎን ለጎን እንደሚቆም ይቁጠሩ። መምህሩ ሒሳብ አስተምሯል፤ ልጁም አያቱ የሠሩበትን ሃዲድ በእግሩ ለክቷል።

ከዚያ ሌላው የታሪኩ ክፍል ይመጣል። ባቡሩ እዚህ ከደረሰ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና ከሰረ፤ ሥራው ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1908 የፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተተካና ሃዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ሥራው ቆሞ በቆየባቸው ዓመታት የሃዲዱ መጨረሻ ድሬዳዋ ነበረች። ከባሕር የመጣው ዕቃ እዚህ ከፉርጎ ይወርዳል፤ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣል። ቡናውና ቆዳው ደግሞ በግመልና በበቅሎ መጥቶ እዚህ ፉርጎ ላይ ይጫናል። አውራጅና ጫኝ፣ ነጋዴ፣ መጋዘን ጠባቂ፣ ምግብ ሻጭ፣ አስተርጓሚ፣ ብረት ቀጥቃጭ ሁሉ እዚህ የከተመው በዚህ ምክንያት ነው። ለልጆች የዚያ ዘመን ገበያ ጨዋታ ይሆናል፤ አንዱ ግመል ነጂ፣ አንዷ ነጋዴ፣ አንዱ የሸመንደፈር (የባቡር ኩባንያው) ሠራተኛ፣ አንዷ አስተርጓሚ ሆነው ይጫወቱታል። አስተርጓሚዋ ግን የግድ ትኑር፤ ያለ እሷ ገበያው አይቆምም ነበርና።

ከተማዋም በሁለት ወገን የተለያየ መልክ የያዘችው በዚሁ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ባቡር ኩባንያው የቀየሰው ከዚራ አለ፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ጥላ የሚሰጥ። ከደቻቱ ወዲያ መጋላ አለ፤ መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ቤቱ ተጠጋግቶ፣ ገበያው የሚደምቅ። ልጆች የሁለቱን መንገድ በእግራቸው ሄደው ቢስሉ የአንዱ ስዕል በማስመሪያ የሌላው በእጅ የተሳለ ይመስላል። ለምን ተለያየ? ማን ቀየሰው? ማን ኖረበት? እዚህ ላይ የቀፊራን የገበያ በር ያላሳየ መምህር ቢኖር ይቆጨኛል።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ።

የድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በአንድ ወቅት ለዚህች ከተማ ብዙ ነገር ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ በፈረቃው ይነሳል፣ በፈረቃው ይተኛል። የፋብሪካው የእግር ኳስ ክለብ፣ ጥጥ ማኅበር፣ በ1950ዎቹ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። ይህንን የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። ፈትል እንዴት እንደሚጠመጠም፣ ማሽኑ ሲቆም ምን ይደረግ እንደነበር፣ ደመወዝ ሲወጣ ለልጆች ምን ይገዛ እንደነበር ያውቃሉ። የሚያውቁት ነገር በአንድም መጽሐፍ አልተጻፈም። እነሱ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። የሲሚንቶ ፋብሪካው ሠራተኛም፣ የባቡሩ ማሽኒስትም፣ የጣቢያው ብረት ቀያሪም ያው ነው።

ለዚህ ነው የትንንሽ ልጆች የታሪክ ትምህርት በሰው መጀመር አለበት የምለው። መምህሩ "አያት ወይም ጎረቤት ጠይቃችሁ ኑ" ብሎ የቤት ሥራ ቢሰጥ ብቻውን አይበቃም። ምን እንደሚጠይቅ ያልተነገረው ልጅ "አያቴ ድሮ ጥሩ ነበር አሉ" ብሎ ይመጣል። ልጁ የተወሰነ ጥያቄ ይዞ ይሂድ። ሥራ የጀመርክበት ቀን ምን ለበስክ? ወደ ሥራ በምን ሄድክ? ምሳህን የት በላህ? አብሮህ የሠራ ሰው ማን ነበር፤ በምን ቋንቋ ታወሩ ነበር? ከሥራህ የቀረ ዕቃ አለ? እንዲህ ያለ ጥያቄ ሽማግሌውንም ያነቃቃል። ከዚያ ዕቃው ይመጣል፦ የድሮ የሥራ መታወቂያ፣ የሠራተኛ ካፖርት፣ የደመወዝ ወረቀት፣ በሥራ ባልደረቦች መካከል የተነሱት ፎቶግራፍ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር ልጁ በራሱ እጅ ጽሑፍ የማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚያገለግል፣ መቼ እንደነበር ይጻፍ። ዕቃው በአደራ የመጣ ነውና ወደ ባለቤቱ በሰላም ይመለስ። ይህ አደራ ራሱ ትምህርት ነው፤ ቅርስን መጠበቅ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከእኛ ሩቅ ያልሆነችው ሐረር ውስጥ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው መሰብሰብ የጀመሩት የእጅ ጽሑፍ፣ የዘፈን ቅጂ፣ የቤት ዕቃና ጌጥ ዛሬ በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ የቆመ ሙዚየም ሆኗል። የጀመረው አንድ ሰው ነው።

የዛሬዎቹ ሠራተኞች ደግሞ "እኛ ገና ትናንት የመጣን ነን፤ ምን ታሪክ አለን?" ትሉ ይሆናል። አንዳንዶቻችሁ ከሩቅ ነው የመጣችሁት። ልጃችሁም ክፍል ውስጥ "አያቴ የዚህ አገር ሰው አይደሉም" ብሎ አንገቱን የሚደፋበት ጊዜ አለ። መምህሩ እዚህ ላይ ሊነግረው የሚገባ እውነት አለ። ሃዲዱ በደረሰ ጊዜ ከሐረር፣ ከሸዋ፣ ከየመን፣ ከሕንድ፣ ከግሪክ፣ ከአርመን፣ ከፈረንሳይ የመጡት ሁሉ አዲስ መጤዎች ነበሩ። የዚህች ከተማ ታሪክ ከዳር የሚያቆመው የሠራተኛ ልጅ የለም። ባጃችሁን አንገታችሁ ላይ አድርጋችሁ የተነሳችሁትን ፎቶግራፍ አስቀምጡት። ከአርባ ዓመት በኋላ ያ ባጅ መደርደሪያው ላይ የሚቀመጥ ነገር ነው።

ወደ ዋሻዎቹ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ ተራራው ወገብ ላይ አለ። ፈረንሳውያኑ ፒየር ቴያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬይድ እ.ኤ.አ. በ1929 አገኙት፤ በ1933 ተቆፍሮ የጥንት ሰው የመንጋጋ አጥንት ወጣበት፤ በ1970ዎቹ ደግሞ ዴዝሞንድ ክላርክና ባልደረቦቹ ደግመው መረመሩት። ለልጆች ግን ትልቁ ነገር ቀይ አፈሩ ነው። ከዋሻው ከ4,000 በላይ ቁራጭ፣ በሚዛን 40 ኪሎ ግራም ገደማ የሚሆን ቀለም ያለው ድንጋይ ተገኝቷል፤ የሚፈጩበትም ድንጋይ አብሮ ነበር። ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች እዚያ ተቀምጠው ቀለም ይፈጩ ነበር ማለት ነው። ግማሹ ቀለም የተነከረ አንድ ክብ ጠጠርም ተገኝቶ ተመራማሪዎቹ ምናልባት ማኅተም ሆኖ አገልግሏል ብለው ገምተዋል።

አርባ ሺህ ዓመት ለስምንት ዓመት ልጅ ይቅርና ለእኔም አእምሮ አይያዝም። ቀለም መፍጨት ግን ይያዛል። ልጆቹ ቀይ አፈር በድንጋይ ይፍጩ፤ ውሃ ይጨምሩ፤ ድንች ቆርጠው ማኅተም ይሥሩና በወረቀት ላይ ይርገጡ። የክወናና ዕይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ከዚያ መምህሩ "እዚህ ከተማ አጠገብ ከእናንተ በፊት ይህንን ያደረገ ሰው ነበር" ይበላቸው። የዋሻው ሰውም ሠራተኛ ነበር፤ ፈጭቷል፣ ፈልጧል፣ ቀብቷል። ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለው የለጋ ኦዳ የዋሻ ስዕል ደግሞ ከብት፣ የዱር አራዊትና ሰው ይታይበታል። ልጆቹን ሁሉ ይዞ መሄድ ላይቻል ይችላል። ፎቶግራፍ ይበቃል። ሄደው የሚያዩት ግን አንድ ነገር በጥብቅ ይነገራቸው፦ ስዕሉ አይነካም፤ ስምም አይጻፍበትም።

አሁን ከባድ ወደሆነው ልግባ። የከተማችን ታሪክ ሁሉ ደስ የሚል አይደለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ጨረሰ። ይህንን ለትንሽ ልጅ መንገር ይገባል ወይ? ይገባል እላለሁ። የደቻቱ አሸዋ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ሰው ይነግድበታል። እዚህ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ዘንቦ ጎርፉ እንደሚወርድ ያላወቀ ልጅ አደጋ ላይ ነው። የዚያ ሌሊት ታሪክ ከተነገረው ግን ሰማዩ ወደ ተራራው በኩል ሲጠቁር ከአሸዋው ይወጣል። እዚህ የአካባቢ ታሪክ ሕይወት ያድናል። አነጋገሩ ግን ልክ ይኑረው፤ የሞቱትን ምስል ለልጅ አናሳይም፤ ቤተሰቡ የተጎዳበት ልጅ ክፍሉ ውስጥ መኖሩንም መምህሩ አስቀድሞ ይወቅ።

ጦርነቱ ግን ሌላ ነው። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ድሬዳዋ በሶማሊያ ጦር ተጠቅታ ጥቃቱ ተመክቷል። ይህ የከተማዋ ታሪክ አካል ነው፤ በጊዜው ሊማሩት ይገባል። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን መንግሥትን ከጎረቤት ለይቶ አያይም። "ሶማሊያ ወጋችን" ብሎ የሰማ ልጅ በዕረፍት ሰዓት አጠገቡ የተቀመጠችውን ሶማሌ ልጅ ያያታል። ስለዚህ የጦር ታሪክ ለትልልቆቹ ይቆይ፤ ልጁ ራሱ ከጠየቀ አጭርና እውነተኛ መልስ ይሰጠው፤ የተዋጉት መንግሥታት እንደነበሩና ጎረቤቶቹ አብረውት በከተማዋ እንደኖሩ ይነገረው።

ይህ ጥንቃቄ ከየት እንደመጣ ላስረዳ። የጀርመን ትምህርት ቤቶች ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ለትንንሽ ልጆች ሃይማትኩንደ የሚባል የትውልድ ሥፍራ ትምህርት ነበራቸው። ልጁ ከቤቱ፣ ከመንደሩ፣ ከወንዙ ይጀምራል፤ እኔ ዛሬ ከምመክራችሁ ነገር ብዙም አይርቅም። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ያንኑ ትምህርት የደምና የአፈር ስብከት አደረጉት፤ "የእኛ ሥፍራ" የሚለው "እነሱ ይውጡ" ሆነ። ምዕራብ ጀርመን በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መባቻ (እ.ኤ.አ.) ስሙንም ይዘቱንም ለውጣ በሌላ ትምህርት ተካችው። እንግሊዝ በበኩሏ ዛሬ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያሉ ልጆች በአካባቢያቸው የነበሩ ክስተቶችን፣ ሰዎችንና ቦታዎችን እንዲማሩ በሥርዓተ ትምህርቷ አዛለች። የአካባቢ ታሪክ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው የሚለየው "አካባቢ" ሲባል ማንን ማለታችን እንደሆነ ላይ ነው።

እዚህ ከተማ ልጆች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይማራሉ። በእናት ቋንቋ መማራቸው መብታቸው ነው፤ ለአእምሯቸውም የሚበጅ ነው። አንዱ የከተማ ታሪክ ግን በሦስት ክፍል ሦስት ዓይነት ሆኖ እንዳይነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በአንዱ ክፍል ከተማዋ በእነ እገሌ፣ በሌላው በእነ እገሊት ብቻ የተሠራች ሆና ከተነገረች ልጆቹ አንድ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወቱ በልባቸው የተለያየ ከተማ ይዘዋል።

የሶማሌ ልጅ ከትንሽነቱ አባቶቹን ወደ ኋላ መቁጠር ይማራል፤ ኦሮሞውም የዘር ሐረጉን ያውቃል፤ በሌላውም ቤት የቅድመ አያት ስም ይነገራል። ይህ ትልቅ የማስታወስ ትምህርት ነው፤ ሊናቅ አይገባም። ግን ልጁን ከማን እንደመጣ ነው የሚነግረው። ከማን ጋር እንደሚኖር የሚነግረው የሥራው ታሪክ ነው። በሸመንደፈር ወርክሾፕ አያቱ ሃዲድ ሲያጠብቁ ሌላውን ጫፍ የያዘው ማን ነበር? የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ምናልባት በሚቀጥለው ክፍል ተቀምጦ ይሆናል።

የድምፃዊውን የአሊ ቢራን ነገር ልጥቀስ። ገንደ ቦዬ ነው የተወለደው፤ በዚሁ ከተማ በአፍረን ቀሎ ቡድን ጀመረ፤ በኦሮምኛ ከመዝፈን አልፎ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዓረብኛም አንጎራጉሯል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ የተቀበረውም እዚሁ ነው። ልጆች የእሱን ሕይወት ቢማሩ የከተማቸውን ቋንቋዎች በአንድ ሰው ድምፅ ይሰማሉ። የኢሳ ማኅበረሰብ ያልተጻፈ ሕግ፣ ኼር ኢሴ፣ በ2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ስም በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም.፣ የሐረሪዎች የሹዋሊድ በዓል በ2016 ዓ.ም. ከዚያ ቀድመዋል። የእነዚህ ሁሉ ባለቤቶች ልጆች በአንድ የድሬዳዋ ትምህርት ቤት ግቢ ይገናኛሉ። አንድ የኢሳ ሽማግሌ ክፍል መጥተው ሁለት የተጣሉ ሰዎች በዛፍ ሥር እንዴት እንደሚታረቁ ቢነግሯቸው፣ የትኛውም መጽሐፍ የማይሰጠውን ያገኛሉ። አባ ገዳም እንዲሁ፤ ሐረሪዋ እናትም እንዲሁ። የሚያዳምጡት ልጆች ግን ከሁሉም ክፍል የተውጣጡ ይሁኑ።

መምህራንን ስለ አንድ ልማድ ልለምን። ልጅ ያመጣውን ታሪክ ሁሉ "ጎበዝ" ብሎ ማለፍ አይበቃም። "እንዴት አወቅህ?" ይባል። "አያቴ ነገሩኝ" ይላል። "አያትህ አይተው ነው ወይስ ሰምተው?" ይባል። ሁለት ልጆች ስለ አንድ ነገር የተለያየ ታሪክ ይዘው ሲመጡ አንዱን ዋሾ ማለት አይገባም፤ ሁለቱም ይሰሙ፣ ለምን እንደተለያየ ይጠየቁ። የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ይችላል። በዚህ ዕድሜው የለመደው ሰው ሲያድግ በስልኩ የመጣለትን ወሬ ሁሉ አያምንም።

የምጠይቃችሁን ልናገርና ላብቃ።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ አስተዳደርና እዚህ ያላችሁ አምራቾች፤ በዓመት አንድ ቀን በራችሁን ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ክፈቱ። ሠራተኛው ራሱ ልጆቹን ያስጎብኝ። መጀመሪያ ያመረታችሁትን ነገር አንዱን አትሽጡት፤ አስቀምጡት። መጀመሪያ የተቀጠሩትን ሠራተኞች ፎቶግራፍ ከነስማቸው አኑሩ። የጨርቃ ጨርቁና የባቡሩ ሠራተኞች ፎቶግራፍ ከነስሙ በወቅቱ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ ምን ያህል ሥራ በቀለለን።

የትምህርት ቢሮ ባለሙያዎች፤ ለየትምህርት ቤቱ አንድ ሳጥን አዘጋጁ፤ የግመል ቅፍለቱ፣ የባቡሩ፣ የጣቢያው፣ የመጋላው፣ የፋብሪካው፣ የፖርክ ኤፒክና የለጋ ኦዳ ፎቶግራፎች ይኑሩበት፤ በሦስቱም ቋንቋ አንድ ዓይነት መግለጫ ይጻፍበት። ወጪው ትንሽ ነው። መምህሩን ግን ከጥቁር ሰሌዳው ያላቅቀዋል።

እናንተ ወላጆች ደግሞ፤ ድካማችሁን አውቃለሁ፤ ሰርቪስ ስትሳፈሩ ልጁ ተኝቷል፣ ስትመለሱ ደግሞ ሊተኛ ነው። ቢሆንም በዚህ ሳምንት የዕረፍት ቀናችሁ ልጁን ይዛችሁ እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ውጡ፤ አሮጌዎቹን ባቡሮች አሳዩት። ከዚያ ስለ ራሳችሁ ሥራ ንገሩት፦ ምን እንደምትሠሩ፣ ማን እንዳስተማራችሁ፣ አጠገባችሁ ማን እንደቆመ። ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ሲገባ ለመምህሩ የሚያወራው ነገር ይኑረው።